ሞተሪኖ ከመቀየራችሁ በፊት የማሳውን ሽቦ ለኩ

አሮጌ ፒክአፕ ላሜራው ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ሲያልቅ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) እየከበደው መዞር፣ መብራቱም መደብዘዝ ይጀምራል። ብዙ ሰው ወዲያው ባትሪ ወይም ሞተሪኖ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የማሳው ሽቦ (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሻሲውና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው) የታሰረበት ቦታ ላይ ነው፤ ከቡሎኑ ሥር ቀለም ወይም ዝገት ገብቷል።

መልቲሜትሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ (ሽቦውን ምሰሶው ላይ በሚያስረው ሞርሴት ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ)፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ ያዙ። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሌላ ሰው ለ5 ሰከንድ ያህል ያስነሳ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው። ከዚያ ሁለተኛውን ጫፍ በየተራ ሞርሴቱ ላይ፣ ሻሲው ላይ፣ ሞተሩ ላይ አድርጋችሁ ድገሙት። ቁጥሩ በድንገት ከፍ ያለበት መገጣጠሚያ ነው ጥፋተኛው። ኔጌቲቩን ፍቱ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ግራሶውን ከላይ ቀቡ።

የሽቦውን ተቃውሞ በኦም መለካት እዚህ አይረዳም። ሞተሪኖ 150 አምፔር ሲስብ 0.01 ኦም ብቻ 1.5 ቮልት ይበላል፤ ይህን ያህል ትንሽ ኦም ደግሞ ተራ መልቲሜትር አያሳይም።

ባትሪው ሞቶ ከሆነ ልኬቱ ያሳስታችኋል፤ መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉት።