ሳንታ ገዳይ የሆነበትን የፈረንሳይ ሆረር እንዴት ማየት እንዳለባችሁ (ልጆቹ ከተኙ በኋላ)

የፈረንጆቹ ገና በደረሰ ቁጥር አንድ ሰው "እስቲ ደህና የገና ፊልም ጠቁመኝ" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ሁሌ ያችኑ አንድ ፊልም ነው የምጠቁመው፣ ከዛ ሰውየው አይቶ ሲጨርስ ይደውልና ይሰድበኛል። አምና ደግሞ አንዱ ጓደኛዬ የ6 ዓመት ሴት ልጁን አቅፎ አየውና ልጅቷ ሦስት ቀን ብቻዬን ሽንት ቤት አልገባም አለች፣ ሚስቱ እስካሁን ሰላም አትለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እንዴት እንደሚታይ አልነገርኩትም። ስለዚህ ዘንድሮ አስቀድሜ ልጻፈው።

ፊልሙ «3615 ኮድ ፔር ኖኤል» ይባላል፣ በ1989 የተሰራ፣ ዳይሬክተሩ ሬኔ ማንዞር። (ዓመቶቹን በሙሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፔር ኖኤል ማለት የገና አባት፣ ያው ሳንታ ነው። ቶማ የሚባል 9 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ አለ፣ አባቱ ሞቷል፣ ቤተመንግስት በሚያክል ቤት ውስጥ ከእናቱ፣ ስኳር ካለባቸውና አይናቸው ከደከመ አያቱ፣ ከውሻው ጋር ይኖራል። የገና ዋዜማ ማታ፣ በኛ ታኅሣሥ 15 መሆኑ ነው፣ እናትየው ስራ ላይ እያለች የሳንታ ልብስ የለበሰ ጤና የሌለው ሰውዬ ቤቱ ይገባል። ከዛ በኋላ ልጁና ሰውዬው ብቻ። ትንሽ ትንሽ ስፖይለር አለው ይሄ ጽሁፍ፣ መጨረሻውን ግን አልነግራችሁም።

"ሆም አሎን ነዋ!" (ያ ቤቱ ብቻውን የቀረ ልጅ ሌቦችን በወጥመድ የሚያባርርበት የአሜሪካ ኮሜዲ) ልትሉ ነው አውቃለሁ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። የመጀመሪያው ስራችሁ እንግዲህ ሆም አሎንን ከጭንቅላታችሁ ማውጣት ነው። አንደኛ ይሄ ነው የቀደመው፣ ሆም አሎን ሲኒማ የገባው ኖቬምበር 1990 ነው፣ የዚህኛው ዳይሬክተርም ስለመመሳሰሉ ቅሬታውን በአደባባይ ተናግሯል። ሁለተኛ ደግሞ እዛ ሌቦቹ በካውያ ተመትተው፣ ከፎቅ ወድቀው ይነሳሉ፣ እኛም እንስቃለን፣ እዚህ ግን የወደቀ ሰው አይነሳም። የልጁ እግር ሲጎዳ እስከመጨረሻው እያነከሰ ነው። እየሳቁ ለማየት የተቀመጠ ሰው ግማሽ ላይ ሲደርስ የተታለለ ይመስለዋል፣ ጓደኛዬም የተናደደው ለዛ ነው።

ለማግኘት ትንሽ ልፋት አለው ምክንያቱም ርዕሱ አንድ አይደለም። ፈረንሳይኛውን ካላገኛችሁ በእንግሊዝኛ «ዴድሊ ጌምስ» ወይ «ዳያል ኮድ ሳንታ ክላውስ» ብላችሁ ፈልጉ፣ ግን 1989 የሚለውን አብራችሁ ካልጻፋችሁ ዴድሊ ጌምስ የሚባል ሌላ ፊልም ያመጣባችኋል፣ እኔ አንዴ ግማሽ ሰዓት የማላውቀውን ፊልም ሳንታው የት አለ እያልኩ አይቻለሁ። የድሮውን ከቪኤችኤስ የተገለበጠ ኮፒ ካገኛችሁ ተዉት ባካችሁ፣ ፊልሙ አብዛኛው በጨለማ ቤት ውስጥ ስለሆነ ጥቁር ነገር በጥቁር ላይ ሲንቀሳቀስ ነው የምታዩት። ሪስቶር የተደረገው (ምስሉ ታድሶ የጸዳው) አለ፣ እሱን ፈልጉ፣ የበረዶው ሰማያዊ መብራት፣ የአሻንጉሊቶቹ ቀለም፣ ሁሉም ሌላ ነገር ነው። ቋንቋውን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰውን ሳይሆን ፈረንሳይኛውን በሰብታይትል። ሳንታውን የሰራው ፓትሪክ ፍሎርሼም አገሩ ውስጥ የታወቀ የድምፅ ተዋናይ ነበር፣ ማይክል ዳግላስን በፈረንሳይኛ ያናግረው የነበረው እሱ ነው። እዚህ ግን ብዙ አያወራም፣ ያቺው ትንሽዋ ድምፁ ናት የምታስፈራው እና ሌላ ሰው ሲያወራለት ነገሩ ይበላሻል።

አሁን ወደ ርዕሱ፣ 3615 ምንድነው? ይሄን ካላወቃችሁ ፊልሙ ግማሹ ያልፋችኋል። ፈረንሳዮች ኢንተርኔት ቤታቸው ሳይገባ በፊት ሚኒቴል የሚባል ነገር ነበራቸው። ትንሽዬ ስክሪንና ኪቦርድ ያላት ከቤት ስልክ መስመር ጋር የምትገናኝ ማሽን ናት፣ በ1982 በአገር ደረጃ ተጀመረች፣ ማሽኗን ለስልክ ደንበኞች በነጻ ነበር የሚሰጧቸው። ስልክ ቁጥር ይፈልጉባታል፣ የባቡር ቲኬት ይቆርጡባታል፣ ዕቃ ያዙባታል፣ ይሄ ሁሉ እንግዲህ እኛ ሰፈር የቤት ስልክ ለማስገባት ዓመታት ወረፋ በሚጠበቅበት ዘመን ነው። 3615 ደውለው የፈለጉትን አገልግሎት ስም ሲጽፉ ይገባሉ፣ ሂሳቡ በደቂቃ ይቆጥራል። ከሁሉም ገንዘብ ያመጣው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ቻት ነው፣ በተለይ የማታው ቻት፣ ገብቷችኋል። ሰው ስሙን ቀይሮ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጻጻፍ ያድራል፣ ወር ሲያልቅ የስልክ ቢሉን አይቶ ይደነግጣል። አገልግሎቱ እስከ ጁን 30፣ 2012 ድረስ ሰርቶ ነው የተዘጋው።

ቶማ እንግዲህ የኮምፒውተር ጎበዝ ነው፣ ጓደኛው "ሳንታ እኮ የለም" ሲለው በሚኒቴል ገብቶ ሳንታን መፈለግ ይጀምራል። ይጽፋል። ከወዲያኛው ጫፍ ደግሞ አንድ ሰውዬ "አለሁ፣ እኔ ነኝ" ብሎ ይመልስለታል።

እዚህ ጋ ፓውዝ አድርጉ። እውነቴን ነው፣ ሻይ ለማፍላትም ሆነ ለምን፣ ብቻ አቁሙትና ያቺን ትዕይንት አንዴ አስቧት። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፣ ቢላ የለም፣ ፊደል ብቻ ነው ስክሪን ላይ የሚመጣው። ለኔ ከፊልሙ ሁሉ የምታስፈራው ያቺ ናት፣ ያኔ ሲያዩዋት ምን እንደተሰማቸው አላውቅም፣ ዛሬ ግን የ10 ዓመት ልጁ ታብሌት ይዞ ጌም እየተጫወተ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ የማያውቅ ወላጅ ሁሉ ያቺን ትዕይንት አይቶ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ስለ ፌስቡክም ቴሌግራምም ማንም ባላሰበበት ጊዜ ነው እንግዲህ።

ሌላው መዘጋጀት ያለባችሁ ነገር እምነቱ ነው። ብዙዎቻችን በሳንታ አላደግንም፣ የገና አባት ማለት ሆቴል በር ላይ የሚቆም ቀይ የለበሰ ሰውዬ ነው፣ እኛን ያሳደገን አያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ ደግሞ ከመጀመሪያውም እንደሚበላ ይታወቃል፣ "መጣልህ!" ሲባል ብርድ ልብስ ውስጥ ትገባለህ አለቀ። የነሱ ልጅ ግን በጭስ ማውጫ የሚገባውን ሰውዬ ወተትና ብስኩት አስቀምጦ ነው የሚጠብቀው። ያ የሚወደው፣ ዓመቱን ሙሉ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ሲመጣ ቢላ ይዞ ነው። ስታዩ እንደ አያ ጅቦ አትዩት፣ ስጦታ ይዘው ይመጣሉ ብላችሁ በር ላይ የምትጠብቋቸው አያታችሁ ናቸው ብላችሁ አስቡት፣ ያኔ ይገባችኋል። ደግሞ እናትየው ቀደም ብላ ሳንታን ለማየት የሞከረ ልጅ ካለ ሳንታ ወደ ጭራቅ ይቀየራል ብላዋለች፣ ልጁ ግን ካሜራ ደግኖ ተደብቆ ሲጠብቅ አየው። ስለዚህ የሆነው ሁሉ በኔ ጥፋት ነው ብሎ ነው የሚያስበው! አንጀት የሚበላው ይሄ ነው፣ መሮጡና መደበቁ አይደለም። ልጅ ሆኖ ቤት ውስጥ ክፉ ነገር ሲደርስ እኔ ስላጠፋሁ ነው ብሎ ያላሰበ ማን አለ።

ስለ ውሻው ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ውሻው ይሞታል። ይቅርታ፣ ግን ይሄን ሳልነግር ቀርቼ ሁለት ሰው ተቀይሞኛል። ሳንታው ከጭስ ማውጫው ሲወርድ ካያችሁ በኋላ ውሻ የምትወዱ ዞር በሉ።

የቤቱን ነገር እንዴት ታደርጉታላችሁ፣ መብራት አጥፉ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ኮሪደር ላይ አንዷን ተዉ፣ ምክንያቱም ፊልሙም እንደዛ ነው የበራው። ቲቪያችሁ አዲስ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሞሽን ስሙዚንግ የሚለውን አጥፉት፣ ያለዛ የ80ዎቹ ፊልም ልክ እንደ ዜና ስቱዲዮ ሆኖ ይመጣላችኋል። ድምፁን በሄድፎን ብትሰሙ የበለጠ ነው፣ የሙዚቃው ደራሲ ዣን ፌሊክስ ላላን የዳይሬክተሩ ወንድም ነው፣ ዋናውን ልጅ የሰራው አላን ደግሞ የገዛ ልጁ ነው! እስቲ አስቡት፣ አባት ቁጭ ብሎ የራሱን ልጅ በቢላ የሚያባርር ሰው ሲቀርጽ። ፈንድሻ ካፈላችሁ ደግሞ ጾም ላይ መሆናችሁን አትርሱ፣ የነሱ ገና ሲሆን እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ነን፣ ቅቤውን ተዉት።

የመጀመሪያዋን ሃያ ደቂቃ ታገሱ። ሰው የሚያቋርጠው እዛ ጋ ነው። ልጁ እንደ ራምቦ ግንባሩ ላይ ጨርቅ አስሮ ፊቱን ተቀብቶ ውሻውን በወጥመድ ሲያባርር የልጆች ፊልም ይመስላል፣ በዛ ላይ የ80ዎቹ ፀጉርና ሙዚቃ አለ፣ ያስቃል። ግን ቤቱን ልብ በሉ፣ የትኛው በር ወዴት እንደሚወስድ፣ አሻንጉሊቶቹ የት እንዳሉ፣ ምክንያቱም ቀን ለጨዋታ የሰራው ሁሉ ማታ ይመጣል። ሰውዬውንም ከመጀመሪያው ተከታተሉት። ፓሪስ መንገድ ላይ ልጆች በበረዶ ሲወራወሩ እሱም ልጫወት ብሎ ይገባል፣ ልጆቹ ትተውት ይሄዳሉ። ከዛ የቶማ እናት በምትመራው ትልቅ መደብር ውስጥ ሳንታ ሆኖ ይቀጠራል፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ላይ እጁን ሲያነሳ ይባረራል፣ የቤቱ መንገድ የሚከፈትለት በዛ በኩል ነው። ቤት ከገባ በኋላ ራሱ የሚገድል ሰው አይመስልም፣ ድብብቆሽ የሚጫወት ነው የሚመስለው፣ ኩኩሉ ሊል ምንም አይቀረው። አዝንለት ወይስ ልጥላው እያላችሁ ትጨነቃላችሁ፣ ተጨነቁ፣ ፊልሙ የፈለገው እሱን ነው።

እናትየውን የሰራችው ብሪዢት ፎሴ ናት። ይቺ ሴትዮ በ1952 በወጣው «የተከለከሉ ጨዋታዎች» በሚለው የፈረንሳይ ፊልም ላይ ገና 5 ዓመት አካባቢ ሆና የሰራች ናት፣ እዛ ላይ ጦርነት ውስጥ እናትና አባቷ ሲሞቱ ውሻዋን አቅፋ የምትቀር ልጅ ነበረች። ከ37 ዓመት በኋላ እሷው እናት ሆና በበረዶ ውስጥ መኪና እየነዳች ወደ ልጇ ለመድረስ ስትለፋ ስታዩ ትንሽ ነገር ይሰማችኋል። በተለይ ውጪ አገር ናይት ሺፍት የምትገቡ እናቶች፣ ቤት ደውላችሁ ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር የሚሰማውን ስሜት ታውቁታላችሁ፣ እነዛን ትዕይንቶች ከእረፍት ቀናችሁ ውጪ ባታዩ ይሻላል።

ለልጆች ይታያል ወይ ለሚለው፣ አይታይም። ፖስተሩ ላይ ሳንታ አለ፣ ዋናው ገጸባህሪ ልጅ ነው፣ ይሄ ያታልላል። የኔ ግምት ከ13 በታች አይሆንም ነው፣ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሳንታን ነገር ሰምተው ያመኑ ከሆነ ጭራሽ፣ አንድ ማታ ላይ ሳንታንም እንቅልፋቸውንም ታጠፉባቸዋላችሁ። ከ13 በላይ የሆነ ካለ አብራችሁት እዩ፣ ሲያልቅ ስብከት አትጀምሩበት፣ ስለ ሚኒቴሏ ብቻ ጠይቁት፣ "አንተ ብትሆን ሰውዬው ሳንታ አለመሆኑን በምን ታውቅ ነበር?" በሉት። እኔ የ14 ዓመት የእህቴን ልጅ ጠይቄው "ሚክ አብራ እለው ነበር" አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ምንም ሳልጠይቀው ጌም ላይ አንድ ሰው ሚክ አላበራም ብሎት ብሎክ እንዳደረገው ነገረኝ፣ እናቱ ይሄን ሰምታ አታውቅም።

የመጨረሻዋን አምስት ደቂቃ ስልክ እንዳትነኩ። ሰው ገደለ አልገደለም፣ ማን ዳነ የሚለው ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው ተነስቶ መብራት ያበራል። ቁጭ በሉ፣ የልጁን ፊት እዩ፣ ስለ ሳንታ የሚለውን ነገር ስሙ።