ስቲልሄድ ከዳር ሆነህ አልነካህ ሲልህ፦ ችግርና መፍትሄ

ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ሲያትልና አካባቢው ያሉ፣ ስቲልሄድ የሚባለውን አሳ የሚያጠምዱ ልጆች ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ሁሉንም ነገር ገዛሁ፣ ቦታውም ሄድኩ፣ አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ሁለት አወጣ፣ እኔን ግን አንድም አልነካኝም። ምን አጥፍቼ ነው?» ከብዙዎቹ ጋር ወንዝ ዳር አብሬ ቆሜ አይቻለሁ። መልሱ ከዓመት ዓመት ያው ነው፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ላይሰንስ፣ የአሳ መመዝገቢያ ካርድ፣ ቋጠሮ፣ አወራወር ታውቃለህ ብዬ ነው የምጀምረው። የማወራው ከዳር ቆሞ በቦበር፣ ማለትም ክሩ ላይ ታስሮ ውሃ ላይ በሚንሳፈፈው ምልክት፣ ስለማጥመድ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል መንገድ የለም።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድመህ ያዝልኝ። ስቲልሄድ ማለት ባህር ወርዶ፣ እዚያ አድጎ፣ ለመራባት ወደ ወንዙ የተመለሰ ቀስተ ደመና ትራውት ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ወንዝ ውስጥ ከተለቀቀው ቀስተ ደመና ትራውት ጋር ዝርያው አንድ ነው። በዊንተር ውሃው 4 ወይም 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ይህ አሳ ምግብ አያሳድድም። ከታች፣ ወራጁ ዝግ ያለበት ቦታ፣ ድንጋይ ተጠግቶ ይቆማል። ከአፉ ፊት ቀስ ብሎ የመጣለትን ይወስዳል። በፍጥነት ያለፈውን ይተወዋል።

«ቀኑን ሙሉ ወረወርኩ፣ አንዴም አልነካኝም»

ከአሥር ሰው ስምንቱን የማገኘው እዚህ ላይ ነው። አሳ የለም፣ ማጥመጃው ቀለሙ ልክ አይደለም፣ ሰዓቱ አልፏል ይሉኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ክሩን ነው። ክሩ ቦበሩን እየጎተተው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ የቆምክበት ዳርና ቦበርህ ያረፈበት ቦታ መሃል ፈጣን ውሃ አለ። ክርህ እዚያ ላይ ይተኛል። ፈጣኑ ውሃ ክሩን ቁልቁል ይዞት ይሄድና እንደ ቀስት ያጎብጠዋል። የጎበጠው ክር ደግሞ ቦበሩን እየጎተተ ያስሮጠዋል። ከታች ያለው ጂግ፣ እርሳስ ያለው ማጥመጃ መንጠቆ፣ አብሮ ይሮጣል፣ ሲሮጥም ከወለሉ ተነስቶ ከአሳው ጭንቅላት በላይ ያልፋል። በዚያ ላይ ወለሉን የሚነካው ውሃ ከላይኛው የዘገየ ነው፣ ድንጋዩ ይይዘዋል። ስለዚህ ማንም ሳይጎትተው እንኳ ቦበር በራሱ ትንሽ ይፈጥናል። አንተ ደግሞ በክርህ ጨመርክበት።

ለማወቅ ቀላል ነው። ቦበርህ አጠገብ የሚሄድ አረፋ ፈልግ። አንዲት ነጭ አረፋ ምረጥና ከቦበሩ ጋር አብረህ እያት። ቦበሩ አረፋዋን ጥሏት ከሄደ እየተጎተተ ነው። ከኋላው እንደ ጀልባ ውሃውን ለሁለት የሚሰነጥቅ መስመር ካወጣ ደግሞ ምንም አትጠራጠር፣ በዚያ ውርወራ አሳ አትይዝም። ትክክለኛው ቦበር ከአረፋዋ እኩል ወይም በትንሹ ወደኋላ ቀርቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚሄደው።

ስካይኮሚሽ ወንዝ ላይ ራይተር የሚባለው ቦታ አንድ ልጅ አገኘሁ። ሦስት ዊንተር ሙሉ አንድም አሳ ሳያወጣ እየተመላለሰ ነው። ሌሊት ሥራ ውሎ፣ ማለትም አድሮ፣ ጠዋት ሳይተኛ ነው የሚመጣው። ዕቃው ከእኔ ይበልጣል። ሲወረውር ቆሜ አየሁት። ሃያ አምስት ሜትር ያህል፣ ወንዙን አቋርጦ ወደ ማዶ ይልካል። ክሩ መሃል ላይ እንዳረፈ ሆዱ ተነፋ፣ ቦበሩ እንደ ዳክዬ ውሃውን እየሰነጠቀ ወረደ። «ወንድሜ፣ ስምንት ሜትር ብቻ ወርውር» አልኩት። አላመነኝም። ያ ቦታ ቅርብ ነው፣ አሳ አይኖርበትም አለ። ደግሜ ለመንኩት። ከዚያ ዘንጉን ከፍ አድርጎ፣ ክሩን ከውሃው ላይ አንስቶ እንዲከተል አሳየሁት። አራተኛው ወይም አምስተኛው ውርወራ ላይ ቦበሩ ጠፋ። እንዴት እንደጮኸ አልረሳውም። ሦስት ዓመት የለፋበት አሳ እግሩ ሥር ነበር።

የመፍትሄው አሠራር ይህ ነው። ወረወርክ፣ ቦበሩ አረፈ። ወዲያው፣ ሳትዘገይ፣ የዘንጉን ጫፍ ከፍ አድርገህ ክሩን ከውሃው አላቅቅና ሽቅብ፣ ወራጁ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ገልብጠህ አሳርፈው። ሜንድ የሚሉት ይህን ነው። ቦበሩ ራሱ መንቀሳቀስ የለበትም። ከነቃነቅከው ብዙ ጉልበት አድርገሃል ወይም ዘግይተሃል። ክሩ እንደገና መጉበጥ ሲጀምር እንደገና አንሳው። በአንድ ውርወራ ሦስት አራቴ ማንሳት ያለ ነው። ክር ውሃ ላይ ባነሰ ቁጥር ይሻላል፣ ለዚህም ነው በቅርብ ወርውር የምለው።

ሁለት ዕቃዎች ይህን ሥራ ያበላሹታል። አንደኛው አጭር ዘንግ ነው። ለሐይቅ የሚሆን 6 ጫማ ተኩል ዘንግ ይዞ የሚመጣ ሰው ክሩን ከውሃ ማላቀቅ አይችልም፣ ቢሞክርም ቦበሩን ይጎትተዋል። ከ9 ጫማ ተኩል እስከ 10 ጫማ ተኩል የሆነ፣ ለስቲልሄድ የተሠራ ዘንግ ያዝ። ሁለተኛው ወፍራም የናይለን ክር ነው። ናይለን ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ የሰመጠ ክር ደግሞ አይነሳም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የተጎነጎነ ክር ሪሉ፣ ክር መጠቅለያው፣ ላይ ሙላ፣ 20 ወይም 30 ፓውንድ የሚይዝ ይበቃል፣ ከመጨረሻው ላይ ብቻ ቀጭን ሊደር፣ ማለትም መንጠቆው የሚታሰርበትን አጭር ክር፣ እሰር። ሱቅ ውስጥ ዘንግ፣ ሪልና ክር አንድ ላይ ታሽጎ «ለጀማሪ» ተብሎ የሚሸጠውን ስብስብ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቀኑን የሚያጣው በእሱ ነው።

ክሩን አስተካክለህም ካልነካህ የቆምክበትን እይ። ይህም ከዚያው ችግር የሚወለድ ነው፣ ሰው ሩቅ መወርወር ስለሚፈልግ ውሃ ውስጥ ይገባል። ውሃው ከፍ ሲል ስቲልሄድ መሃሉን ትቶ ወደ ዳር ይጠጋል፣ አንዳንዴ ከዳሩ ሁለትና ሦስት ሜትር ብቻ። ካውሊትዝ ወንዝ ላይ ብሉ ክሪክ የሚባለው ቦታ አንድ ጋሼ ጭናቸው ድረስ ገብተው ቆመው ነበር። «ጋሼ፣ ይውጡ እስቲ፣ የቆሙት አሳው ላይ ነው» አልኳቸው። ተቆጡ። ቆይተው ሲበርዳቸው ወጡና ቴርሞሳቸውን ከፍተው ሻይ ቀዱ። እየጠጡ ማጥመጃቸውን ቀድሞ የቆሙበት ቦታ ላይ ጣሉት። ሻዩ ሳያልቅ ያዙ። አሁን ሲያዩኝ መጀመሪያ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ወንዝ ስትደርስ እግርህን ሳታርስ በፊት ዳሩን አጥምድ። መጀመሪያ ቅርብ፣ ከዚያ ራቅ፣ ከዚያ ራቅ። የምትፈልገው ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚገናኙበትን ድንበር ነው። ዝግተኛው በኩል፣ ሰው ረጋ ብሎ በሚራመድበት ፍጥነት የሚሄድ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው፣ አረንጓዴ መሳይ ቀለም ያለው ውሃ ካየህ እዚያ ቆይ። ቡና በወተት የመሰለ ከሆነ ወደ ቤትህ ተመለስ። ከቤት ሳትወጣ የወንዙን ከፍታ ኢንተርኔት ላይ እይ። ከፍ ብሎ የነበረ ወንዝ መውረድና መጥራት ሲጀምር ነው ደጉ ቀን።

ውሃ ውስጥ መግባት ካለብህ፣ በእግዚአብሔር፣ የወገብ ቀበቶህን ጠበቅ አድርገህ እሰር። ቀበቶ ያልታሰረ ዌደር፣ ውሃ የማያስገባው ረጅም ሱሪ፣ ስትወድቅ ውሃ ይሞላል። ድንጋዩ የሚያዳልጥ ነው፣ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ እጅና እግር ያደነዝዛል። ብቻህን አትግባ። ጉልበትህን አልፎ አትግባ። ጀማሪ ነህ፣ ጉልበትህ ድረስም አያስፈልግህም።

«ሁልጊዜ ድንጋይ ይይዘኛል»

ጥልቀቱ በዝቷል፣ ከቦበሩ በታች ያለው ክር ረዝሟል ማለት ነው። ቦበሩ አናቱን ቁልቁል፣ ወራጁ ወደሚሄድበት፣ ካዘነበለ ከታች ያለው ወለሉ ላይ እየተጎተተ ነው ማለት ነው። ከጥልቅ አትጀምር። አጠር አድርገህ ጀምርና ቦበሩ ነካ ነካ እስኪያደርግ በየውርወራው ጨምር፣ ከዚያ 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ መልስ።

አስተካክለኸው ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና መያዝ ከጀመረ ማቆሚያዋ ተንሸራታለች። ክሩ ላይ የምትታሰረው ትንሿ የቦበር ማቆሚያ ማለቴ ነው። እኔ ራሴ ርካሽ እሽግ ገዝቼ አንድ ሙሉ ጠዋት አባክኛለሁ። በየውርወራው አንድ አንድ ጣት ትንሸራተት ነበር፣ ማጥመጃዬ ግማሽ ሜትር ተቀይሮ እኔ ቦታ ስቀያይር ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ማቆሚያዋን አርጥቤ፣ በሁለት በኩል ስቤ አጠብቃትና ክሩ ላይ በማርከር ምልክት አደርጋለሁ። በማቆሚያዋና በቦበሩ መሃል ዶቃ መኖር አለባት። ያለ ዶቃ ማቆሚያዋ ቦበሩ ውስጥ ሾልካ ትገባለች።

ቦበሩ ላይ የተጻፈውን ክብደትም አንብብ። ሦስት ስምንተኛ አውንስ የሚል ቦበር ከታቹ ወደዚያ የሚጠጋ የእርሳስ ክብደት ይፈልጋል። ቀለም የተቀባው ጫፉ ብቻ ከውሃ በላይ ከታየ ልክ ነው። ግማሽ አካሉ ከወጣ ቀልሎታል፣ አሳ ሲነካውም አይነግርህም።

«ነካኝ፣ ሳብኩ፣ የለም»

ልቅ ክር ነው። ክሩ ውሃው ላይ ሁለት ሜትር ተዘርግቶ ሳለ ዘንግ ብትስብ የምትስበው ክሩን እንጂ አሳውን አይደለም። ቦበሩ ሲጠልቅ ፈጥነህ ጠቅልል፣ ክብደት ሲሰማህ ዘንጉን ወደ ጎን፣ ቁልቁል በኩል ሳብ። መንጠቆውንም ጥፍርህ ላይ ፈትነው። ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ሳል ወይም ቀይር። ድንጋይ በነካ ቁጥር ፈትነው።

«ይዤው በጠሰኝ»

የተበጠሰውን ጫፍ አትጣል፣ እሱ ይነግርሃል። እንደ ጸጉር ተጠቅልሎ ከመጣ ቋጠሮህ ተንሸራቶ ነው የተፈታው፣ ሳታረጥብ ነው ያጠበቅከው። ሻካራ ሆኖ ከመጣ ድንጋይ ነው የፋቀው፣ በየጊዜው ሊደርህን በጣትህ መሃል አሳልፈህ ሻካራ ካገኘህ ቁረጠው። ንጹህ ሆኖ ከተበጠሰ ድራግህን፣ የሪሉን የክር ፍሬን፣ ከልክ በላይ አጥብቀሃል። ክሩ ከሚሸከመው ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ላይ አስተካክል፣ ከዚያ አሳው ይሩጥ። በሩጫው መሃል ድራግ የሚነካ ሰው አሳውን ያጣል።

ዘንጉ ቀለበቶች ላይ በረዶ ከያዘ ጫፉን ውሃ ውስጥ ነከር አድርግ፣ በጣትህ አትስበር። ክሩን የሚይዘው የሪሉ ሽቦ አልመለስ ካለ ስፕሪንጉ ነው። ዘንጉ ከመጋጠሚያው ከተሽከረከረ አውልቀህ ጠርገህ መልሰው።

«ያዝኩት፣ ልወስደው እችላለሁ?»

ይህን ሳታውቅ አትሂድ። ከጀርባው ኋላ፣ ከጭራው ቀደም ብሎ፣ ትንሽ የስብ ክንፍ አለች። ማርቢያ ውስጥ የተፈለፈለ አሳ ይህች ክንፍ ተቆርጣለት ቦታው ድኖ ጠባሳ ይሆናል። ክንፏ ካለች ዱር ያደገ ነው፣ ይለቀቃል። ሲያትል ዳር ካለው የባህር ወሽመጥ፣ ከፑጀት ሳውንድ፣ ወንዞች የሚመጣው ስቲልሄድ ከ2007 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ስጋት ላይ ያለ ተብሎ ተመዝግቧል። ወንዞች በድንገት ሊዘጉ ይችላሉ፣ ስለዚህ በሄድክ ቁጥር፣ ትናንት ብታይም፣ የስቴቱን የአሳና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደንብ ዛሬ እንደገና እይ። አንዳንዱ ቦታ የአሳ እንቁላልና ትል ለማጥመጃ አይፈቀድም፣ ጉጥ (አሳው እንዳያመልጥ የሚይዘው እሾህ) የሌለው መንጠቆ ብቻ ነው።

የሚለቀቀውን ከውሃ ሙሉ በሙሉ ማውጣት በዋሽንግተን ስቴት ክልክል ነው። ለፎቶ ብለህም ቢሆን። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ አሸዋ ላይ ጎትተው ሲያነሱት አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል። ስቲልሄድ እንደ ፓስፊክ ሳልሞን አንዴ ተራብቶ የሚሞት ብቻ አይደለም። ከተረፈ ባህር ተመልሶ ደግሞ ሊመጣ ይችላል። እጅህን አርጥብ፣ ሆዱን ከሥር ደግፍ፣ ጭራውን ያዝ፣ አፉን ወራጁ ወደሚመጣበት አዙረህ ውሃ ውስጥ እንዳለ ያዘው። መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ጭራው እጅህ ውስጥ ይጠነክራል፣ አንዴ ይገፋሃል። ያኔ ልቀቀው።