መጋገር ለሚወድ ሰው የድፎ ስጦታ እንዴት ይዘጋጃል?

ድፎ የተደፋበት ቤት ከደጅ ይታወቃል። እሳት የነካው ኮባ፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ አንድ ላይ ሆነው ገና በሩ ሳይከፈት ይቀበሏችኋል። እኔ መጋገር የጀመርኩት ለዚህ ሽታ ብዬ ነው። ዳቦ በየሱቁ እያለ ግማሽ ቀን ሊጥ መጠበቅ ድካም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ግን መጠበቁ ራሱ ደስ ይላል። ሊጡ ከጎድጓዳው አፍ ላይ ኩፍ ብሎ ሲታይ፣ ክዳኑን ገልጦ ደጋግሞ ማየቱ፣ ከዚያ ደግሞ ትኩሱን ቆርሶ ለጎረቤት መላኩ።

ውጭ አገር የምትኖር እህት አለችኝ። እሷም እንደኔ መጋገር ትወዳለች። ኬክ፣ ኩኪስ፣ የማትሞክረው የለም። ልደቷ ሲደርስ ምን እንደምልክላት ስጠይቃት፣ “ሌላው ሁሉ እጄ ገብቷል፤ የእማዬ ድፎ ብቻ እምቢ አለኝ” አለችኝ። ስጦታው እዚያው ተወሰነ። የእናታችን ድፎ፣ በልክ ተጽፎ፣ ከነቅመሙ፣ በሣጥን። እናንተም ቤታችሁ መጋገር የሚወድ ሰው ካለ እንዲህ ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

1. መጀመሪያ የባለሙያዋን እጅ መዝኑ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከገበያ ይገዛል።

እናቴ ዱቄት በዓይኗ ነው የምትለካው። ጨው በእጇ፣ ውሃ ደግሞ “እስኪበቃው”። ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቋት አንድ ቁጥር ትነግራችኋለች፤ እጇ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ አትጠይቋት። ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ያዙና ከመጀመሯ በፊት የዱቄቱን ከረጢት መዝኑ። ስትጨርስ መልሳችሁ መዝኑ። የጎደለው እሷ የተጠቀመችው ነው። የውሃውንም ጆግ እንደዚሁ፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ስለሚመዝን ስሌቱ ቀላል ነው። ጨውን ከነጎድጓዳ ሳህኑ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡትና እሷ ከዚያ ትዝገን። እጇን ሳታቋርጡ ሁሉንም ታገኛላችሁ።

ይህን ቢያንስ ሁለት ጊዜ አድርጉት። እኔ ሁለት ጊዜ ስመዝን የዱቄቱ መጠን ተለያየብኝ። ውሃውን ለዱቄቱ ሳካፍለው ግን ሁለቱም ጊዜ ተቀራራቢ ሆነ፤ ለ100 ግራም ዱቄት ከ65 እስከ 68 ግራም ውሃ። የገረመኝ ይሄ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለ ሚዛን የሠራ እጅ ልኩን ያውቀዋል። መጻፍ ያለባችሁም ይህን ምጣኔ ነው፤ ዱቄቱ ቢጨምርም ቢቀንስም ይሠራል።

በመጨረሻ ካርዱ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦

- የስንዴ ዱቄት (ፉርኖ) 1 ኪሎ
- ለብ ያለ ውሃ 650 ግራም፣ እንደ ዱቄቱ እስከ 700
- ደረቅ የዳቦ እርሾ 7 ግራም (ለእህቴ 10፤ ምክንያቱን ቁጥር 6 ላይ እዩ)
- ጨው 18 ግራም
- ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ
- ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ
- ጥቁር አዝሙድ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላልና ኮረሪማ፣ እያንዳንዳቸው 1 የሻይ ማንኪያ

ወተትና ቅቤ የለበትም። ስለዚህ በጾምም ይበላል። ይህንንም ካርዱ ላይ ጻፉት፤ የሚቀበለው ሰው ሳይጠይቅ ይወቅ።

2. ቅመሙን ሳትፈጩ ላኩ

መጀመሪያ የላክሁት ቅመም ተፈጭቶ፣ ተቀላቅሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ነበር። ሲደርስ ሽታው አልቆ ነበር። የኮረሪማ ጠረን ያለው ፍሬው ውስጥ ባለው ዘይት ነው፤ ከተፈጨ በኋላ ይተናል። ከነገለባው ሲቀመጥ ግን ወራት ይቆያል። ስለዚህ ኮረሪማውን ከነገለባው፣ ድንብላሉንም ሳይፈጭ ስጡ። የሚጋግረው ሰው የዚያኑ ዕለት ገለባውን ልጦ ፍሬውን ይወቅጠዋል። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ልጅ ነው፤ ከጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ውጭ አገር ከሀበሻ ሱቅ በቀር በቀላሉ አይገኝም። በካርዳሞን ይተካል የሚሉ አሉ። ይቀራረባል፣ ግን አንድ አይደለም።

አዲስ አበባ ያላችሁ መርካቶ ወይም ሾላ ሄዳችሁ ግዙ። በእጃችሁ አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት። ወዲያው ካልሸተተ ያረጀ ነው፣ ተዉት። ቤት ስትገቡ ልቀሙት፤ ድንጋይና ገለባ አይጠፋውም። ካጠባችሁት በደንብ ይድረቅ። ትንሽ እርጥበት ከቀረበት ጠርሙስ ውስጥ ይሻግታል። ድንብላሉን ብቻ በደረቅ መጥበሻ ላይ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አመስ አመስ አድርጉት። ጥቁር አዝሙዱ ግን እንዳለ ሊጥ ውስጥ ስለሚገባ ማመስ አያስፈልገውም።

ነጭ አዝሙድ ላይ ተጠንቀቁ። ከልኩ ካለፈ ዳቦው መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ለሦስት ድፎ የሚበቃውን መዝናችሁ በየትንሽ ጠርሙሱ አድርጉ፤ ስሙንም ለጥፉበት። ሁለቱን አዝሙዶች ስም ሳይጻፍባቸው መላክ ለስህተት ነው።

3. የኮባው ጉዳይ

ኮባ የእንሰት ቅጠል ነው። ከሥርና ከላይ ሆኖ ሊጡን ይይዛል፤ እርጥበቱን ይጠብቃል፣ ጠረኑን ይሰጣል፣ ዳቦው እንዳይጣበቅም ይረዳል። ለአገር ውስጥ ሰው የምትሰጡ ከሆነ ትኩስ ኮባ ጠቅልላችሁ አብራችሁ ስጡ። ታጥቦ፣ ከጀርባው ያለው ወፍራም አጥንት በቢላ ተልጦ፣ ጠውለግ እስኪል እሳት ላይ ቢያልፍ አይቀደድም።

ለውጭ አገር ሰው ግን ትኩስ ቅጠል ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ብዙ አገሮች ትኩስ ተክል ማስገባት ላይ ጥብቅ ናቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወሰድባችኋል። ቅመሙም ቢሆን የሚሄድበት አገር የሚፈቅደውን አስቀድማችሁ አጣሩ። ለኮባው ምትክ አለው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የእስያ ምግብ ሱቆች የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ይሸጣሉ። የሙዝ ቅጠል የኮባ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ጠረኑም አያሳፍርም። እሱም ከጠፋ የመጋገሪያ ወረቀት ከታች፣ ፎይል ከላይ። ዳቦው ይበስላል፤ ሽታው ግን ይቀራል።

4. ከሣጥኑ ውስጥ ምን ይግባ?

አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ዲጂታል ሚዛን ግዙ። በኩባያ የሚለካ ሰው ሁሌ ይቸገራል። አንዱ ኩባያ ዱቄት 120 ግራም ሊሆን ይችላል፣ ጠቅጥቆ ሲሞላ ደግሞ 150። ስምንት ኩባያ ሲሆን ልዩነቱ 240 ግራም ይደርሳል። በዚህ ልዩነት አንዱ ለስላሳ ድፎ ይጋግራል፣ ሌላው ድንጋይ።

ትንሽ ከተረፋችሁ፣ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋና ጠለቅ ያለ ክብ መጋገሪያ ጨምሩ። ትንሽ የእንጨት ሙቀጫም ደስ የሚል ስጦታ ነው፤ ኮረሪማ በእሱ ሲወቀጥ ቤቱን ያውደዋል። የዳቦ መሸፈኛ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅም አይረሳ። እርሾ ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከዱቄቱ ጋር አትቀላቅሉት፣ ለብቻው ከነማሸጊያው ይሂድ። ዱቄት ግን ለውጭ ሰው አትላኩ፤ ከባድ ነው፣ እዚያም አለ።

ያማረ ቅርጽ ያላቸው የኬክ ማውጫዎችና ራሱ አቡክቶ ራሱ የሚጋግር ማሽን ለድፎ ብዙም አይጠቅሙም። መጋገር የሚወድ ሰው ሊጡን በእጁ መንካት ይፈልጋል። ያንን አትውሰዱበት።

5. የአጋገሩን ሂደት በካርድ ጻፉ

ካርዱን በእጃችሁ ጻፉት። አጭር ይሁን። የእኔ እንዲህ ይላል።

ዱቄቱን ንፉና ጨው፣ ስኳር፣ እርሾና ቅመሞቹን ቀላቅሉ። ለብ ያለውን ውሃ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጨምሩ። ውሃው እጅ የማያቃጥል፣ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን፤ በጣም የሞቀ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። ዘይቱን ጨምራችሁ ለ10 ደቂቃ እሹት። የድፎ ሊጥ ለስለስ ይላል፣ እጅ ላይም ትንሽ ይይዛል። ያዘኝ ብላችሁ ዱቄት አትጨምሩ። እጃችሁን ውሃ ወይም ዘይት ነካ አድርጉና ቀጥሉ። ብዙ ድፎ የሚደርቀው እዚህች ቦታ ላይ በሚጨመር ዱቄት ነው።

ሸፍናችሁ እጥፍ እስኪሆን ተዉት። ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዩ። በሞቃት ቤት አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ በክረምት ብርድ ሁለትም ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ አየሩን አስወጡለትና ኮባ ወደተነጠፈበት መጋገሪያ ገልብጡት። በረጠበ እጅ ከላይ አስተካክሉት። በድጋሚ ኩፍ ይበል፤ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። በጣት ስትጫኑት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ቶሎ ከተመለሰ ይቆይ። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፣ ቶሎ ወደ ኦቭን።

ኦቭኑን አስቀድማችሁ 190 ዲግሪ አሙቁት። የአሜሪካ ኦቭን ላይ ይህ 375 ፋራናይት ነው፤ ለእህቴ ሁለቱንም ጽፌላታለሁ። ፋን ያለው ኦቭን ከሆነ 20 ዲግሪ ቀንሱ። ሊጡን በኮባ ሸፍናችሁ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ ኮባውን ገልጣችሁ ሌላ 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ላዩ እስኪቀላ። ሲወጣ ከሥሩ ኳ ኳ አድርጉት። ባዶ ዕቃ እንደሚመታ ከተሰማ በስሏል። ጨርቅ አልብሳችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። በትኩሱ ከተቆረሰ ልቡ ይላቁጣል።

ኦቭን የሌለው ሰው በኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ወፍራም ድስት በትንሽ እሳት፣ በደንብ ከድኖ፣ መሃል ላይ ገልብጦ ሊጋግር ይችላል። ድሮም ድፎ የተጋገረው እሳት ከሥርም ከክዳኑ በላይም ተደርጎ ነው።

6. የቦታውን ከፍታ አትርሱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል እርሾው የሚሠራው ጋዝ ሊጡን በቀላሉ ይነፋዋል። ስለዚህ የእናቴ 7 ግራም እርሾ እዚህ ይበቃል። እህቴ ያለችበት ከተማ ግን ከባሕሩ ብዙም አይርቅም፤ ለእሷ 10 ግራም ብዬ ጻፍሁ። ይህን ሳላውቅ በፊት በስልክ የነገርኳት ልክ ሁለት ጊዜ አልነፋ ብሏት ነበር።

ሌላም አለ። የዳቦ ቴርሞሜትር የሚሰጡ ሰዎች የዳቦው ልብ 95 ዲግሪ ይድረስ የሚለውን ከውጭ አገር መመሪያ ይገለብጣሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ራሱ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርጥብ የዳቦ ልብ ደግሞ ከዚያ አያልፍም። 95 ሲጠብቁ ዳቦው ይደርቃል። እዚህ 90 ሲደርስ አውጡት።

7. ከመስጠታችሁ በፊት በካርዱ ጋግሩ

ካርዱን አስቀምጡና የጻፋችሁትን ብቻ ተከትላችሁ አንድ ድፎ ድፉ። በልባችሁ የምታውቁትን አትጨምሩ። የጎደለ ነገር ካለ እዚህ ይታያል። እኔ ጨውን ከናካቴው ረስቼው ያገኘሁት በዚህ ነው። የተጋገረውን ደግሞ እናታችሁ ትቅመስ። የእኔ እናት ቆርሳ ቀመሰችና “ኮረሪማ ጨምሪበት” አለች። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የነበረው ወደ አንድ ያደገው በእሷ ቃል ነው።

ሣጥኑ እህቴ ጋ በደረሰ በሳምንቱ ፎቶ ላከችልኝ። ላዩ ቀልቶ፣ የቅጠሉ መስመር ተጋድሞበት፣ ልክ እንደ ቤታችን። ሥሩ ግን ትንሽ አርሮባት ነበር። ኦቭኗ ከሥር ይበረታል ማለት ነው። እንዲህ የሚሆንባችሁ ከሆነ መጋገሪያውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፤ ከሥሩም ሌላ ትሪ ደርቡበት። ይህን ካርዱ ጀርባ ላይ በእጇ እንድትጽፈው ነገርኳት።