ደማቅ ቀለም ለጨዋ አለባበስ፦ ከደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሴት ልብስ እሰፋለሁ። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ ይዛ የምትመጣ ሴት ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ሳትዘረጋው «አይበዛም ግን?» ትለኛለች። ጠባብ ጥቁር ቀሚስ ልታሰፋ የመጣችው ግን እንዲህ ብላ አትጠይቅም። ሁልጊዜ ይገርመኛል። ገላን የሚያሳየው የጨርቁ ስስነትና ስፌቱ ነው፤ ቀይነቱ ምን አደረገ? ደግሞስ የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ለብሶ ገበያ ሲወጣ «ይበዛብኝ ይሆን?» ብሎ ሲጨነቅ ያየ ማን ነው?

ጨርቁን ከሱቅ ሳትወጡ ፈትኑት። አንዱን ንብር ወደ በሩ ብርሃን አውጡና እጃችሁን ከኋላው አስገቡ። ጣቶቻችሁ ተለይተው ከታዩ ገበር ያስፈልገዋል። ቢጫና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሁሉም ይብሳሉ፤ ሱቅ ውስጥ ወፍራም መስለው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ያጋልጣሉ። ብዙ ሰው ነጭ ገበር ያስገባል፤ እኔ አልመክርም። ነጭ ከስስ ጨርቅ ሥር ጎልቶ ይታያል፤ ወደ ቆዳችሁ ቀለም የተጠጋ ቡናማ ግን አይለይም። ሳቲንን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፦ ደማቅ ከሆነ ለሙሉ ቀሚስ አይሁን። ብርሃኑ በሰውነት ላይ እየተንሸራተተ ደረትንና ዳሌን ያጎላል። ያንኑ ቀይ በማያብለጨልጭ ጥጥ ብትለብሱት ቀለሙ ይቀራል፣ ቅርጹ ይረጋጋል።

ጥጥ ከገዛችሁ ሳይቀደድ በፊት እጠቡት። መጀመሪያ ሲታጠብ ይኮማተራል፤ ቁርጭምጭሚት ድረስ የተሰፋው ቀሚስ ከአንድ እጥበት በኋላ ባት ላይ ይቀርና «ሰፊዋ አሳጠረችብኝ» ይባላል።

ልክ ስትሞክሩ መስታወት ፊት ቀጥ ብላችሁ አትቁሙ፤ እንደዚያ ሲቆሙ የማያምር ቀሚስ የለም። ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፣ ከዚያ ስገዱ። አዎ፣ ስገዱ፤ ቤተ ክርስቲያን ልትለብሱት አይደል? ስትሰግዱ አንገቱ ወደ ፊት ከተከፈተ ወይም ጀርባው ወደ ላይ ከተሳበ፣ ያኔውኑ ይስተካከል። ለመራመድ እንዲመች ብላችሁ የጎን ቅድ አታስወጡ፤ በምትኩ ከወገብ በታች ሽንሽን ይጨመርበት። እርምጃ ይሰጣል፣ ቀለሙም በሽንሽኑ እጥፋት ውስጥ ጠለቅና ፈካ እያለ ያምራል። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ናት፤ ስለዚህ የቀሚሱን ጫፍ አራት ጣት ያህል አሳጥፉት። ክብደት ስለሚኖረው ነፋስ በቀላሉ አያነሣውም።

ባሕር ዳር ለምትኖሩ ምክሬ ትንሽ ይለያል። እዚያ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ይሞቃል። ፖሊስተር በፖሊስተር ገበር ደርቦ መልበስ ያፍናል። ጥጥ ልበሱ፤ ገበሩንም ጥጥ አድርጋችሁ ከወገብ እስከ ጉልበት በታች ብቻ አስገቡ።

ቀለም ስታቀናጁ አንዱን ደማቅ ቀለም አንግሡትና ሌላው በጠባቡ ይከተለው። ቀሚሱ ከአንገት እስከ እግር ብርቱካናማ ከሆነ ነጠላው ነጭ፣ ጥለቱም ቀጭን ይሁን፤ በጥለቱ ውስጥ አንድ የብርቱካናማ መስመር ካለ ይበቃል። ወርቃማ ጥልፍ፣ ቀይ መቀነትና ባለ ብዙ ቀለም ጥለት በአንድ ላይ ሲመጡ ግን ቀሚሱም ለባሿም አይታዩም። ሒጃብ የሚለብሱ ደንበኞቼም ይህንኑ ይከተላሉ፦ ቀሚሱ አበባ ከሆነ ሒጃቡ ወጥ፣ ቀሚሱ ወጥ ከሆነ ሒጃቡ እንደ ልብ። ጠይም ለሆነች ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ ፊቷን ያፈካዋል፤ ከአንገት አካባቢ እንዲሆን አድርጉላት። ለጥምቀት ከሆነ ደግሞ ማንም አይፍራ፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉት እኮ አባቶቻችን ናቸው።

የሚቀረው የቀለም መልቀቅ ነው። ቀይና ወይን ጠጅ ነጩን ነጠላ ያበላሻሉ። ከጨርቁ ጥግ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉት፤ ነጩ ከቀላ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ እየታጠበ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይደጋገም። ጨው መጨመር ልማድ ነው እንጂ የሚለቅ ቀለምን አይዝም። ካጠባችሁ በኋላ ገልብጣችሁ ጥላ ላይ አስጡት፤ ፀሐይ ደማቅ ቀለምን ቶሎ ታደበዝዛለች። ውኃው አልጠራ ካለ ጨርቁን ለነጋዴው መልሱለት፤ መቀስ ከነካው በኋላ ግን አይቀበላችሁም፣ ስለዚህ ወደ እኔ ከማምጣታችሁ በፊት ይሁን።