ትልቅ ቴሌቪዥን ወይስ ፕሮጀክተር? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሳሎን የሚስማማውን ለመምረጥ

ሳሎኑ ውስጥ ሰፊ ምስል ማየት የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚያመነታው በሁለት ነገሮች መካከል ነው፤ 65 ወይም 75 ኢንች ቴሌቪዥን ይግዛ ወይስ ግድግዳ ላይ 100 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚያበራ ፕሮጀክተር? ሱቅ ገብተው የሚጠይቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነጻጽሩት ስፋቱንና ዋጋውን ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁለቱም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ቤተሰቡ አዘውትሮ የሚያየው በስንት ሰዓት ነው፣ በዚያ ሰዓትስ ወደ ሳሎኑ ምን ያህል ብርሃን ይገባል የሚለው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን ብርሃኑን ከራሱ ስለሚያወጣ መጋረጃ ተከፍቶም ይታያል። ፕሮጀክተር ግን ጥቁር ቀለምን ማብራት አይችልም፤ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ቦታ ብርሃን ያላረፈበት ግድግዳ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የመስኮት ብርሃን ካረፈ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ የተጫዋቹ ፊትም ከሜዳው ተለይቶ አይታይም። ይህንን ገንዘብ ሳያወጡ መፈተሽ ይቻላል። አዘውትረው በሚያዩበት ሰዓት አምፖል ሳያበሩ ምስሉ ያርፍበታል ከሚሉት ግድግዳ አጠገብ ቆመው ጋዜጣ ይክፈቱ፤ ፊደሉን ያለ ችግር ካነበቡ ያ ክፍል በዚያ ሰዓት ለፕሮጀክተር አይሆንም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:30 ወይም እንደ ወቅቱ 9:30 ላይ ስለሚጀምር፣ ለኳስ ብሎ ፕሮጀክተር የሚገዛ ሰው ወፍራም መጋረጃም አብሮ መግዛት እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል።

ቀጥሎ ሜትር ይያዙ። ኢንች የሚለካው ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግርም። 65 ኢንች ቴሌቪዥን ወደ 144 ሳንቲ ሜትር ወርድና 81 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ 75 ኢንቹ ወርዱ 166 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። 100 ኢንች ምስል ደግሞ 221 በ125 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይፈልጋል፤ በሁለቱ ከተሞቻችን በሚገኙ ብዙ ሳሎኖች ውስጥ ይህን ያህል ባዶ ግድግዳ የሚገኘው ቡፌው ሲነሳ ብቻ ነው። በዚህ ልክ አንሶላ አጥፈው ግድግዳው ላይ ያንጠልጥሉና ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይዩት። ከዓይንዎ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከሆነ 65 ኢንች በቂ ሆኖ ያገኙታል።

ፕሮጀክተር የሚመርጥ ሰው ለራሱ ለመሣሪያውም ርቀት መለካት አለበት። ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ለምስሉ ወርድ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በመመሪያው ላይ ይጻፋል። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ ለ100 ኢንች ምስል መሣሪያው 3.3 ሜትር ያህል ርቆ መቀመጥ አለበት፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ከተመልካቹ ራስ በላይ ወይም ከኋላው ይሆናል ማለት ነው። ቡና ሲፈላ ይህ ጉዳይ በግልጽ ይታያል፦ ስኒ የምታድለው ልጅ ባለፈች ቁጥር ጥላዋ ግድግዳውን ይሞላዋል፣ የዕጣኑ ጭስም በብርሃኑ መስመር ውስጥ እንደ ደመና ሲንሳፈፍ ይታያል። ጭሱ በዚያ ብቻ አያበቃም፤ ማራገቢያው አየር ሲስብ ከአቧራው ጋር ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ቡና በየቀኑ ሳሎን ውስጥ የሚፈላ ከሆነ ረከቦቱን ከመሣሪያው አርቆ ማስቀመጥ፣ የአየር ማጣሪያ ያለው ከሆነም በየጊዜው አውጥቶ ማጽዳት ግድ ነው። በተለይ ለኮምቦልቻ አቧራ ይህንን ደግሜ እመክራለሁ።

የብርሃን ጉልበት በሉመን ይገለጻል፤ ሻጮች በብዛት የሚያሳስቱትም እዚህ ላይ ነው። በርካሽ ትናንሽ ፕሮጀክተሮች ካርቶን ላይ የሚታተመው በሺዎች የሚቆጠር ሉመን ብዙ ጊዜ በምንም መለኪያ ያልተረጋገጠ ስለሆነ በታወቀ መለኪያ የተለካ መሆኑን የሚያሳየውን፣ «አንሲ ሉመን» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ይጠይቁ፤ ካልተጻፈ ይጠራጠሩ። «4ኬ ይቀበላል» የሚለው ጽሑፍም መሣሪያው 4ኬ የሚባለውን በጣም ጥራት ያለው ፋይል መክፈት ይችላል እንጂ በ4ኬ ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም፤ የራሱ ጥራት 1280 በ720 ብቻ ሊሆን ይችላል። ምስሉን ባሰፉት መጠን ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ስለሚከፋፈል፣ ከ100 ወደ 150 ኢንች ሲያሳድጉት ድምቀቱ ከግማሽ በታች እንደሚወርድም ያስቡ።

አሁን በሌላ ከተማ ለሚኖር ገዢ ላያስፈልግ የሚችል፣ ለእኛ ግን ዋና ወደሆነው ነገር ልምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻም ብትሆን በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የምናገኛት ሞቃት ከተማ ብትመስልም ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በደሴ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን አጥቦ የማውጣት አቅሙ ያንሳል። የደሴ ብርድ መሣሪያውን ያቀዘቅዘዋል ብሎ መተማመን አይገባም። ብዙ የፕሮጀክተር አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሆን «ሃይ አልቲትዩድ» የሚባለው ማስተካከያ እንዲበራ በመመሪያቸው ያዛሉ፤ ማራገቢያውን በፍጥነት የሚያሽከረክረው ይህ ማስተካከያ ሲገዛ በአብዛኛው ጠፍቶ ይመጣል። መሣሪያውን ባበሩ በመጀመሪያው ቀን ሜኑ ውስጥ ገብተው ያብሩት። ድምፁ ከፍ ስለሚል ለመቀመጫ ቅርብ አለማድረግ ይሻላል። ቴሌቪዥን በአብዛኛው እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

የመብራት ጉዳይም አለ። የድሮው ዓይነት አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ሲጠፋ ማራገቢያው ለጥቂት ደቂቃ እየሠራ አምፖሉን ማቀዝቀዝ አለበት፤ መብራት በድንገት ሲሄድ ግን የጋለው አምፖል ያለ ማራገቢያ ይቀራል። እኔ የነበረኝ አምፖል ከተነገረኝ ሰዓት ግማሹን እንኳ ሳይሠራ የተቃጠለው በዚህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ክረምት መብራት በሳምንት ብዙ ጊዜ ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ አምፖል በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ይሠራል፤ በቀን 5 ሰዓት ለሚያይ ቤተሰብ 4,000 ሰዓት ማለት 800 ቀን ነው። ስለዚህ ፕሮጀክተር ከሆነ ብርሃኑን ከአምፖል ሳይሆን ከኤልኢዲ ወይም ከሌዘር የሚያገኘውን ይምረጡ፣ ባለ አምፖሉን ከገዙ ደግሞ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያሠራ ትንሽ ዩፒኤስ ይጨምሩለት። ለቴሌቪዥንም ስታቢላይዘር አይቅር፤ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀልና ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካትም ጥሩ ልማድ ነው።

ድምፅንና የሚታየውን ነገር በአጭሩ ልጥቀስ። የፕሮጀክተር ስፒከር ደካማ ስለሆነ የስፒከር ዋጋ ከመጀመሪያው ይቁጠሩ። በዲሽ ከሚመጡት ጣቢያዎች ጥራታቸው ዝቅ ያሉት በ100 ኢንች ሲለጠጡ የፊደላቱ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ በቴሌቪዥን ግን ያን ያህል አይታወቅም።

አሰቃቀሉ እንደ ቤቱ ይለያያል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን መስቀል አደገኛ ስለሆነ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ይጥሩ። ፕሮጀክተር ጣራ ላይ ሲሰቀል ብሎኑ መያዝ ያለበት ሞራሌውን ነው፤ ኮርኒስ ብቻውን አይሸከመውም።

እንግዲህ ዜናውም፣ የልጆች ፕሮግራሙም፣ ኳሱም በአንድ መሣሪያ ለሚታይበት ቤት፣ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ክፍት ለሆነበት ሳሎን እኔ የምመርጠው 55 ወይም 65 ኢንች ቴሌቪዥን ነው። ፕሮጀክተርን የምመክረው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ፊልም ለሚያይ፣ ነጭና ለስላሳ ግድግዳ ላለው፣ ወይም በኪራይ ቤት ስለሚኖር ከቤት ቤት ሲዛወር በቦርሳ ይዞት መሄድ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ቴሌቪዥኑን ደሴ ገዝተው ወደ ኮምቦልቻ የሚወስዱ ከሆነ ካርቶኑ ተኝቶ እንዳይጫን ይከልክሉ። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የተኛ ስክሪን ከላዩ ሌላ ዕቃ ቢጫንበት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ስክሪን ማስለወጥ ደግሞ አዲስ ከመግዛት ብዙም አይለይም። ቆሞ፣ ከጎኑ ፍራሽ ተደግፎለት ይሂድ። ከሱቁ ሳይወጡም አስበርተው መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ጥቁር ምስል በሙሉ ስክሪኑ ላይ ያስከፍቱና አራቱንም ጥጎች ቀርበው ይመልከቱ።