የድሮ የጦር አውሮፕላን ለማዳን ለሚነሱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ አውሮፕላን የሚወዱ ሰዎች ቡና ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል። «ፈረንጆቹ የድሮ የጦር አውሮፕላን በበጎ ፈቃደኛ እየጠገኑ ያበራሉ፤ እኛስ ምን አነሰን?» ቴክሳስ ውስጥ ኮሜሞሬቲቭ ኤር ፎርስ የሚባል ማኅበር ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ሥራዬ ብሎ ይዞታል። ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ ፕሪቶሪያ አጠገብ፣ ስዋርትኮፕ ላይ ያለው የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሙዚየም ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ አሮጌ አውሮፕላኖቹን ለሕዝብ ያሳያል።

ጥያቄው አያስቅም። ጎጃም ለአውሮፕላን ታሪክ ባዕድ አይደለም። በኅዳር 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከሱዳን ተነስቶ ሰከላ፣ ፋጉታ የወረደው በቪከርስ ቪንሰንት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ነበር። ደብረ ማርቆስና ሞጣም በጊዜያቸው አውሮፕላን ያርፍባቸው የነበሩ ከተሞች ናቸው። የባሕር ዳሩ አየር ማረፊያ ዛሬ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ስም ይዟል።

ፍላጎቱ አለ። የሚያሳስበኝ አጀማመሩ ነው። ከዝገት ተርፎ በወዳጆቹ ችኮላ የጠፋ አውሮፕላን ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሌላው ዓለም ዋጋ የከፈለባቸው ናቸው።

ካልበረረ ዋጋ የለውም ማለት

አንድ አሮጌ አውሮፕላን ሦስት ዓይነት ኑሮ ሊኖረው ይችላል። ቆሞ ይታያል፤ ወይ ሞተሩ ተነስቶ መሬት ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ወይ ይበራል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚጠይቀው ገንዘብና ዕውቀት ግን የትየለሌ ነው። ከሦስተኛው የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ አንደኛውንም ያጣል።

የኛው አየር ኃይል ከካናዳ የገዛቸው ፌይሪ ፋየርፍላይ የሚባሉ አውሮፕላኖች ነበሩት። ዘመናቸው አልፎ ከተጣሉት ውስጥ ሁለቱን ካናዳውያን በ1993 እ.ኤ.አ. መልሰው ወሰዷቸው። አንዱን ሸርዋተር በሚባለው ቦታ ያለው ሙዚየም በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ሲጠግኑት ኖሩ። እኛ የጣልነውን እነሱ በነፃ ጉልበታቸው አቆሙት። ሲነገር ትንሽ ያማል፤ ግን ይነገር።

ፀሐይ የምትባለዋ አውሮፕላንም አለች። በ1935 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገር ተሠርታ፣ ጣልያን ወስዷት፣ ቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ከርማ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው። የጦር አውሮፕላን አይደለችም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። እሷን አስነስቼ ላብርር የሚል ሰው ቢመጣ ቁልፉን ደብቁበት። አንድ ብቻ የቀረ ነገር አይበርም። ተመሳሳዩ ሌላ ቦታ በብዛት ካለ፣ መለዋወጫም ከተገኘ፣ ያኔ ይታሰባል።

ወረቀቱን ለኋላ ማቆየት

ሜዳ ላይ ቆሞ የቀረ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የጦር አውሮፕላን የመከላከያ ንብረት ነው። ዕድሜው ሲገፋ የቅርስ ባለስልጣንም ያገባዋል። ይበራል ከተባለ ደግሞ ሲቪል አቪዬሽን ይመጣል። ሦስቱንም ሳታነጋግሩ ገንዘብ ማዋጣት አትጀምሩ። የሥራ መዝገቡን፣ ሎግ ቡኩንም ከአውሮፕላኑ እኩል ፈልጉት። ስንት ሰዓት እንደሠራ የማይታወቅ ሞተር ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ብረቱን እያሳደዱ ሰዉን መርሳት

እዚሁ ክልል ከተሞች ውስጥ ጡረታ ወጥተው የተቀመጡ የአየር ኃይል ቴክኒሻኖች አሉ። ሳብ 17ን፣ ቲ-28ን፣ ኤፍ-86ን፣ ኤፍ-5ን በእጃቸው የነኩ ሰዎች ናቸው። እነሱ የሚያውቁት ብዙው ነገር መጽሐፍ ላይ የለም። «ጋሼ፣ ይሄ ቧንቧ የት ነበር የሚሰነጠቀው?» ብሎ ስልኩን ከፍቶ የሚቀዳ አንድ ልጅ፣ ክንፍ ተሸክሞ ከሚመጣ ጭነት መኪና በላይ ይጠቅማል። ሰከላና ደብረ ማርቆስ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ ደግሞ መልሱን አፋቸው ላይ አታድርጉ። «ቪንሰንት ነበር አይደል?» ካላችኋቸው ለጨዋነት ሲሉ አዎ ይሏችኋል።

እንደ ደቦ ማሰብ

በደቦስ አንታማም። ጤፍ ሲደርስ ሰዉ ይወጣል፣ ማሳው በቀን ያልቃል፣ ጠላው ይጠጣል። አውሮፕላን ግን ሃምሳ ሰው አንድ ቅዳሜ ከሚመጣለት፣ አራት ሰው በየቅዳሜው ለዓመታት ቢመጣለት ይሻለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሥራ ተከፋፈሉ። መዝገብ የሚይዝ፣ መሣሪያ የሚቆጥር፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ ሒሳብ የሚሠራ። ቁልፍ የያዘ ብቻ አይደለም በጎ ፈቃደኛ። አንድ ነገር ግን አይታለፍም፤ ብሎኑን ያጠበቀው ሰውና አይቶ የሚፈርመው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም። ጓደኝነት እዚህ ላይ አይሠራም።

በበረኪና ማጠብ፣ በቀለም መሸፈን

ቅንነት ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ጋ ነው። አዲስ ቡድን መጀመሪያ የሚያደርገው አውሮፕላኑን አጥቦ ማሳመር ነው። በረኪና አልሙኒየም ይበላል። የድስት መፈተጊያ የብረት ሽቦም ያው ነው፤ ጥቃቅን የብረት ቅንጣት ላሜራው ላይ ይተውና ቅንጣቱ ሲዝግ አልሙኒየሙን ይዞት ይሄዳል። ለስላሳ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጨርቅ። በቃ። ከፍተኛ ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያም አይቅረብ፤ ውሃውን ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገፋዋል።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ይወጣል። እዚህ ላይ ቁሙ። የተላጠ የሚመስለው ቀለም ታሪኩ ነው። አሮጌው ቀለም ሥር የቀድሞ ቁጥር፣ የበረራ ጓዱ ምልክት፣ «እዚህ አትርገጥ» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። የፈለገ ሰው ከላይ ወደ ታች ንብርብሩን እያነበበ የአውሮፕላኑን ዕድሜ ያወጣል። አንዴ ከተፋቀ ግን የለም። ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ጎን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ የቀለሙን ናሙና በትንሽ ብልቃጥ ያዙ።

ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ለመኪና ገበያ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላን ላይ ግን ዝገቱን ከዓይን ደበቃችሁ እንጂ አላቆማችሁትም። ከሥር እየበላ ይቀጥላል።

ክረምቱን መርሳት

ጣና ዳር ክረምት ቀልድ አይደለም። ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማልበስ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥበቱን አፍኖ ያስቀምጠዋል። አየር የሚያስገባ ሸራ ይሻላል፤ ጣሪያ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከሆዱ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ እየጠረጋችሁ ክፍት አድርጉ። የሞተሩን አፍ ዝጉ፤ ወፍ ጎጆ ለመሥራት ከሁለት ቀን በላይ አይፈጅባትም። ጎማው ጭቃ ውስጥ እንዳይቆም ጣውላ አስገቡ።

ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ዝም ብሎ መግባት

ሚግ-21 ወይም ኤፍ-5 ዓይነት ጄት ከሆነ ወንበሩ ባሩድ አለበት። አብራሪውን ከነወንበሩ ወደ ላይ ለመወርወር የተሠራ ነው፤ አውሮፕላኑ ጡረታ መውጣቱን አያውቅም። የጦር መሣሪያ ባለሙያ መጥቶ አምክኖ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ማንም እግሩን አያስገባ፤ ለፎቶም ቢሆን። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ የቆዩ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ በጨለማ የሚያበሩት የሰዓት ፊቶች በራዲየም የተቀቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ራዲየም ግማሹ እንኳ እስኪጠፋ 1600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። መስታወቱን አትክፈቱ፤ የረገፈውን ብናኝ በአፍ እፍ አትበሉ።

«ለጊዜው ይያዝልን»

ይቺን ቃል ጋራዥ ውስጥ ሁላችንም እናውቃታለን። መኪና መንገድ ዳር ይቆማል፤ አውሮፕላን የት ይቆማል? በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ናይን-ኦ-ናይን የሚባለው ቢ-17 ቦምብ ጣይ ሰዎችን አሳፍሮ አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ ወድቆ ሰባት ሰው ሞተ። መርማሪዎች ሞተሩን ሲፈቱ ለካንዴላ እሳት ከሚሰጠው ማግኔቶ የተላቀቀ ገመድ በማሰሪያ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኙ። የካንዴላዎቹም ክፍተት ከልኩ ወጥቶ ነበር። የዳነው ሰው የነገረው ሳይሆን ብረቱ የነገራቸው ነው።

ብሎንም እንዲሁ ነው። ከገበያ የተገዛው ብሎንና የአውሮፕላን ብሎን ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንድ ይመስላሉ። ጥንካሬያቸው ግን አይገናኝም። ተራ ብረት ከአልሙኒየም ጋር እርጥበት ካገኛቸው ደግሞ አልሙኒየሙ ይበላል። ቆሞ ለሚታይ አውሮፕላን ገበያው ሊያዋጣ ይችላል፤ ግን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉበት። ከዓመታት በኋላ የመጣ ሰው እውነተኛ ነው ብሎ እንዳይበርበት።

መሣሪያ ሳይቆጥሩ መሄድ

በግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሕዝብ አዋጥቶ ያበርረው የነበረው ቩልካን የሚባለው ግዙፍ ቦምብ ጣይ ለመነሳት ሲንደረደር ሁለት ሞተሮቹ ተበላሹ። ምክንያቱ እርጥበት እንዲመጥ የተቀመጠ የሲሊካ ጄል ከረጢት ነበር። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ነገር፣ ከፍ ያለ ብቻ። ማውጣት ተረሳ፤ ሞተሩ ዋጠው፤ ፍርስራሹ ጎረቤቱንም ሞተር ጨረሰ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ግድግዳ ላይ ጣውላ ስቀሉ፤ የእያንዳንዱን ካቻቢቴና ፒንሳ ቅርጽ ሳሉበት። ማታ ላይ ባዶ ቅርጽ ከታየ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ወደ ሞተር ውስጥ የሚገባ ማንኛውም መክደኛ ረጅም ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠልበት።

ሞተሩን በጉጉት ማስነሳት

ሳብ 17ም ቲ-28ም ሲሊንደሮቻቸው ክብ ሠርተው የተደረደሩ ሬዲያል ሞተር ያላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሞተር ሲቆም ኦሊዮ ቀስ እያለ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ኦሊዮ ደግሞ አይጨመቅም። በዚያ ላይ ሞተሪኖ ከተጫነ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል። ወዲያው ላይሰበር ይችላል፤ ሰማይ ላይ ይሰበራል።

ስለዚህ ማግኔቶው ጠፍቶ ፕሮፔለሩ መጀመሪያ በእጅ ይዞራል፤ ያውም ሞተሩ በድንገት ሊነሳ ይችላል በሚል ጥንቃቄ፣ ከስለቱ መንገድ ውጭ ተቆሞ። አንድ ቦታ ላይ ድርቅ ካለ አትግፉ። ወደ ኋላም አትመልሱት፤ ኦሊዮው የአየር ቧንቧው ውስጥ ይገባና ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይመጣል። የታችኛውን ካንዴላ ፍቱ፤ ይንጠባጠብ፤ ጠብቁ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ።

ለቀጠሮ ባሪያ መሆን

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ኪ ባርድ የሚባለው ቢ-29 ግን አልተለቀመም። በ1947 እ.ኤ.አ. ግሪንላንድ በረዶ ላይ አርፎ ከቀረ በኋላ፣ አንድ ቡድን እዚያው ድረስ ሄዶ አዲስ ሞተርና ጎማ ገጠመለት። በግንቦት 1995 እ.ኤ.አ. ሊነሳ ሲያኮበኩብ ጭራው ውስጥ ለረዳት ሞተሩ ለጊዜው የተሰቀለ የነዳጅ መያዣ አፈሰሰና እሳት ተነሳ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በረዶ ያላጠፋው አውሮፕላን በአንድ ከሰዓት ነደደ።

ለትርኢት ፖስተር ስታሳትሙ ቀኑን ለሰዉ እንጂ ለአውሮፕላኑ አትቁረጡለት። «ዝግጁ ከሆነ ይታያል» ብላችሁ ጻፉ። የመሰረዝ ሥልጣን ያለው ሰው አስቀድሞ ይሰየም፤ እሱም ስፖንሰር ያመጣው ሰው አይሁን።

ሰማዩን እንደ ቆላ ሰማይ ማየት

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ይደክማል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ሰማይ ላይ መጠምዘዣውም ይሰፋል። ባሕር ዳር ላይ አንድ ክብ ለመሥራት የሚያስፈልገው ቦታ የባሕር ዳርቻ አገር ላይ ከሚያስፈልገው በግልጽ ይበልጣል። ሾርሃም፣ እንግሊዝ ውስጥ በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ሃንተር የሚባለው ጄት ወደ ላይ ወጥቶ የሚዞርበትን ክብ የጀመረው ዝቅ ብሎና ፍጥነት ሳይበቃው ነበር። ጫፉ ላይ 3500 ጫማ መድረስ ሲኖርበት 2700 ላይ ቀረ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ፤ እነሱም ትርኢቱ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ውጭ መንገዱ ላይ የነበሩ ናቸው። እዚህ ቢሆን ሰዉ የት እንደሚቆም እናውቃለን። ትኬት ያልገዛው ሁሉ አጥሩ ጥግ፣ ጣሪያ ላይ፣ መንገዱ ዳር ነው። በረራው ከነሱም ራስ ላይ ዞር ማለት አለበት።

ብዙ አውሮፕላን አብሮ ከበረረ ደግሞ ማን በየትኛው ከፍታ እንደሚሆን መሬት ላይ ይወሰን። ዳላስ ላይ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ቢ-17ና ፒ-63 ተጋጭተው ስድስት ሰው ያለቀው፣ ከፍታው ቀድሞ ስላልተከፋፈለ ነው። አየር ላይ እያሉ በሬዲዮ ማስተካከል አልበቃም። ጣና ላይ ደግሞ ሻላ ወፍ አለ። ክብደቱ አሥር ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ጠዋት ላይ ደግሞ በመንጋ ይወጣል።

ድምፁን ሁሉ ይወደዋል ብሎ ማሰብ

ለናንተ የሞተር ድምፅ ሙዚቃ ነው። ጎጃም ውስጥ ግን የጣልያን አውሮፕላን አርበኛውንና መንደሩን ከአየር ሲደበድብ የኖረባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ወሬው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ወርዷል። ዛሬም ከላይ ድምፅ ሲሰማ ልጁን አቅፎ ወደ ቤት የሚሮጥ ሰው አለ። ስለዚህ ሞተር ከመነሳቱ ብዙ ቀን አስቀድሞ በቀበሌ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በአካባቢው ሬዲዮ ይነገር። ሰዓቱም አብሮ ይነገር። በገበያ ቀን አይደረግ። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በላይ አይታለፍ። ያ ቀን ቀብር የገጠመው ሰፈር ካለ ደግሞ በረራው ይሸጋሸግ፤ ከጠሩት እንግዳ ይልቅ ጎረቤቱ ይቅደም።