አሮጌ ሞተር ሳይክል ከመሸጣችሁ በፊት እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ውስጥ ከጓሮ ቆርቆሮ ሥር ሸራ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ዶቅዶቄ ያለው ቤት ጥቂት አይደለም። አባት ወይም አያት ሲነዱት የነበረ፣ አንድ ቀን አልነሳ ብሎ እዚያው የቀረ። የሚታወሰው ቤት ሲታደስ ወይም የውርስ ነገር ሲነሳ ነው። ያኔ ወይ በኪሎ ተመዝኖ ለቆራሌው ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ አንዱ ዘመድ ስልኩ ላይ ያየውን የውጭ ዋጋ በብር አባዝቶ ማንም የማይከፍለውን ገንዘብ ይጠራበታል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ሁለቱም የሚመጡት ዕቃው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ዋጋ ከማውራት ነው።

ስለዚህ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት እነዚህን እዩልኝ።

ቀለም ቀብቶ ለገበያ ማቅረብ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ ከእሱ ልጀምር። ሰው ቤት ሲሸጥ ቀለም ይቀባል፣ መኪና ሲሸጥ ያሳጥባል። ለአሮጌ ሞተር ግን ይሄ ሒሳብ አይሠራም። አሮጌ ሞተር የሚሰበስብ ሰው ገንዘብ የሚያወጣው ፋብሪካው ለቀባው ቀለም ነው፤ ቢላላጥም፣ ቢደበዝዝም። ታንኩ ላይ ያለው የፈዘዘ ጽሑፍ፣ ዳር ዳሩን የተሰመረው ቀጭን መስመር፣ ከላይኛው ቀለም ሥር ብቅ የሚለው የወታደር አረንጓዴ፣ ሞተሩ ማን እንደሆነ የሚነግሩን እነዚህ ናቸው። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ስቱኮ ተለጥፎበት፣ ጥቁር ስፕሬይ ሲነፋበት ያ ሁሉ ማስረጃ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።

የሚያብረቀርቀውንም ክፍል ተዉት። እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ (ሁሉንም የፋብሪካ ዘመን እዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሞተር የሚለበጠው በኒኬል ነበር፤ ክሮም የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። አሮጌ ኒኬል ወደ ቢጫ የሚያደላ መልክ አለው። ደብዝዟል ብላችሁ አዲስ ክሮም ካስነከራችሁት ዕድሜውን የሚናገር አንድ ምስክር አጠፋችሁ።

ማጽዳት ካለባችሁ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሱ፣ የደረቀ ቅባቱን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ይበቃል። የተሰበረ ዕቃም አትጣሉ። የተሰነጠቀው መብራት፣ የወንበሩ ስፕሪንግ፣ የዛገው የመፍቻ ሣጥን፣ የታንኩ ክዳን፣ አንዳንዴ ከሞተሩ ይልቅ የሚቸግረው እነዚህን ማግኘት ነው።

"ጣልያን ትቶት የሄደ ነው" የሚለውን ማመን

ጎጃምም ጎንደርም አሮጌ ብረት ሁሉ ጣልያን የተወው ነው ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም እዚህ ነበር፣ ጎንደር ላይ ደግሞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም ቆይቷል። ባሕር ዳር ግን በደንብ ከተማ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም ተቋቋመ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም ተከፈተ፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ ከሶሻሊስት አገሮች ብዙ ዕቃ ገባ። አያታችሁ ሞተሩን የገዙት ከፋብሪካ ሠራተኛ ወይም ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ቢሆንስ? ወሬውን ለጊዜው አቆዩትና ብረቱን እዩ።

ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተኛ፣ ከሞተሩ ጎን ደግሞ ትልቅ ክብ የብረት መዘውር ወደ ውጭ የሚታይበት ከሆነ ሞቶ ጉዚ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው በ1921 ኮሞ ሐይቅ ዳር ማንዴሎ የምትባል ከተማ ውስጥ የተቋቋመ ነው፣ ምልክቱም ክንፉን የዘረጋ ንስር ነው። ለጣልያን ጦር የተሠራው ባለ 500 ሲሲ አልቼ ከ1939 እስከ 1945 ወጣ። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሱፐር አልቼ የሚባል በጣም የሚመስለው ሞተር በ1950ዎቹም ሲሠራ ነበር፣ ስለዚህ መልኩን ብቻ አይታችሁ "የጦርነት ጊዜ ነው" ብላችሁ አትማሉ።

ታንኩ ወይም የሞተሩ አካል ላይ ሦስት ጠመንጃ ተደጋግፈው ከቆሙ የእንግሊዙ ቢኤስኤ ነው። መድፍ ካለ ሮያል ኢንፊልድ ነው። ሮያል ኢንፊልድ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ቡሌት የተባለው ሞዴል ከ1955 ጀምሮ ሕንድ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት መልኩን እምብዛም ሳይቀይር ተሠርቷል። በ1990ዎቹ የወጣው ለማያውቅ ሰው የ1950ዎቹን ይመስላል።

ሁለት ሲሊንደር ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ካሉ ሰው ሁሉ ቢኤምደብልዩ ነው ይላል። ሶቪየቶች ከ1941 ጀምሮ የሠሩት ኤም 72 ግን የቢኤምደብልዩ አር 71 ቅጂ ነው፣ ኡራልና ድኔፕርም ከእሱ የወረዱ ናቸው። ነጭና ሰማያዊውን ምልክት ማንም ገዝቶ ይለጥፋል። እናንተ ካርቡራተሩ ላይ፣ ዲናሞው ላይ፣ ከሞተሩ ሆድ ሥር የሩሲያ ፊደል ፈልጉ። ጥሩ ሞተር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ዋጋው ከጀርመኑ ጋር አይገናኝም።

የማስነሻው ፔዳልና የማርሹ መርገጫ አንድ ብረት ከሆኑ ደግሞ የቼኮዝሎቫኪያውን ጃዋ ወይም ሲዜድ አስቡ።

የፊት ጎማውን የያዙት እግሮችም ይናገራሉ። ስፕሪንጉ ከውጭ የሚታይ ከሆነ በአብዛኛው ከጦርነቱ በፊት ወይም በጦርነቱ ጊዜ የተሠራ ነው። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚገባበት ዓይነት በብዛት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ግን በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ። በስንት ዓመት ውስጥ መካኒኩ ያገኘውን እያመጣ ገጥሞበታል፣ ስለዚህ ሦስት አራት ምልክት አንድ ላይ ሲመሰክር ነው የሚታመነው።

ቁጥሩን አንድ ቦታ ብቻ ማንበብ

አሮጌ ሞተር ሁለት ቁጥር አለው። የኤንጂኑ ቁጥር በአብዛኛው ከሲሊንደሩ ሥር ይገኛል። የሻንሲው ደግሞ መሪው በሚገባበት የአንገት ብረት ላይ ወይም ከመቀመጫው ሥር ነው። ሁለቱንም ፈልጉ፣ ሁለቱንም ጻፉ፣ ከፊታቸው ያሉትን ፊደላትም እንዳሉ። ፊደሉ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ በላይ ይናገራል፤ ለምሳሌ የቢኤስኤ ኤንጂን ቁጥር በደብልዩ ኤም 20 ከጀመረ ለጦርነቱ የተሠራ ኤም 20 የተባለው ሞዴል ነው።

ቁጥሩ አልነበብ ካለ በግራይንደር ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት! ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ ይቆይ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ከዚያ ቀጭን ወረቀት ደግፋችሁ በእርሳስ አሹት፣ ወይም ማታ የስልክ መብራት ከጎን አብርታችሁ ፎቶ አንሱ። የተፋቀ ቁጥር ያየ ገዢ መጀመሪያ የሚያስበው ስርቆትን ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ስላልተመሳሰሉ ብቻ ደግሞ "የተቀያየረ ነው" ብሎ ዋጋ የሚያወርድባችሁን አትመኑ። ቢኤስኤ ኤም 20 ከፋብሪካው ሲወጣም ቁጥሮቹ አይመሳሰሉም ነበር። ሌላው የእንግሊዝ ሞተር ኖርተን ላይ ግን በአብዛኛው ይመሳሰላሉ። ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ የየፋብሪካው ወዳጆች ማኅበራትን መጠየቅ ይቻላል። እንግሊዝ አገር በ1946 የተመሠረተው ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ የብዙ ፋብሪካዎችን የቆየ መዝገብ ይዟል።

ዘመን ማደባለቅ

ይሄ የእኛው ስህተት ነው። ሊብሬው ወይም አሮጌው ደረሰኝ ላይ 1951 ተጽፏል እንበል። በእኛ ከሆነ ሞተሩ በአውሮፓ 1958 ወይም 1959 ነው። ውጭ ላለ ገዢ ሳትለዩ 1951 ብላችሁ ከላካችሁለት፣ ቁጥሩን አጣርቶ ሲመለስ ውሸታም ያደርጋችኋል። የተመዘገበበትና የተሠራበት ዓመትም ይለያያሉ። እዚህ አገር የገባ ሞተር አሮጌ ሆኖ ሊገባ ይችላል።

አሮጌ ሁሉ ውድ ነው ማለት

አይደለም። እንግሊዝ ለጦርነቱ ከ120 ሺህ በላይ ቢኤስኤ ኤም 20፣ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ኖርተን 16ኤች አሠርታለች። አልቼ ግን 10 ሺህ እንኳን አልሞላም። ዕድሜያቸው አንድ ሆኖ ብዛታቸው ይሄን ያህል ይራራቃል። ብርቅ መሆኑ፣ ዕቃው መሟላቱ፣ ያልተነካካ መሆኑ፣ ወረቀቱ፣ ዋጋን የሚሠሩት እነዚህ ተደምረው ነው።

ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ደግሞ ሻጩ የጠየቀው ዋጋ ነው። የጠየቀና ያገኘ አንድ አይደሉም። እንደ ቦንሃምስ ያሉ የጨረታ ቤቶች የተሸጠበትን ያወጣሉ፣ ያንን ተመልከቱ። እሱም ቢሆን የገዢው ኮሚሽን የተጨመረበት ነው። ደግሞም ያ ሞተር ታድሶ፣ ተነስቶ፣ እዚያው ገዢው አገር ቆሞ ነው የተሸጠው። የእናንተው ባሕር ዳር ጓሮ ውስጥ ፒስተኑ ተነክሶ ነው ያለው። የማደሻውን፣ እስከ ጅቡቲ የማጓጓዣውን፣ የመርከቡን፣ የቀረጡን ቀንሱና ምን እንደቀረ እዩ። ለሆቴል ወይም ለሎጅ ጌጥ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ ገዢ ነው፤ እሱ ለመልኩ እንጂ ለቁጥሩ አይከፍልም።

በጉልበት ማስነሳት

ገዢ መጣ ተብሎ ለዓመታት የቆመን ሞተር ሦስት ጎረምሳ ሲረግጠው ማየት ያመኛል። ካንዴላውን ፍቱ፣ በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨምሩ፣ ለጥቂት ቀን ተዉት። ከዚያ ኋላ ጎማውን በማርሽ በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። አልዞር ካለ ተዉት። "አይዞርም" ብሎ በሐቅ መሸጥ ሲሊንደር ሰብሮ ከመሸጥ ይሻላል።

ላስቲክ ማልበስም እንደዚሁ ነው። የጣና ዳር እርጥበት ከላስቲኩ ሥር ታፍኖ ይቀራል፣ ብረቱም በክረምት እዚያው ይበሰብሳል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ጣሪያ ያለው ነፋሻ ቦታ አቁሙትና ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ወረቀቱን ለመጨረሻ መተው

ሊብሬው በማን ስም ነው? በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ሳይዙ ዋጋ መነጋገር ጠብ መጥራት ነው። እህትና ወንድም መጀመሪያ ይስማሙ። አሮጌው ታርጋ፣ የቀረጥ ወረቀቱ፣ አባታችሁ ሞተሩ ላይ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶ ካለ ሁሉንም አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። ያ ፎቶ ታሪኩን ከአፍ ወሬ ወደ ማስረጃ ያመጣዋል፣ ዋጋም ይጨምራል።

ውጭ አገር ላለ ሰው ለመሸጥ ካሰባችሁ ቅድሚያ ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

አንድ ሰው መጥቶ "ሙሉውን አልፈልግም፣ መብራቱንና ካርቡራተሩን ብቻ ሽጡልኝ" ካላችሁም እንቢ በሉት። እነዚያን የጠየቀ ሰው ምን እንደሆኑ ያውቃል። ስሙንና ስልኩን ያዙ፣ ሙሉ ሞተሩን ልትሸጡ ስትነሱ ከምትደውሉላቸው አንዱ እሱ ነው።